በጣና ዙሪያ ስምንት ቀን በብስክሌት

ባሕር ዳር ተወልዶ ላደገ ልጅ ብስክሌት ከጫማ ቀጥሎ የሚመጣ መሄጃ ነው። እኔም በሰዓት በምንከራያት ፍሬን አልባ ብስክሌት ሚዛን መጠበቅን ተምሬ፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሐይቁ ዳር ስመላለስ አድጌአለሁ። ጣናን ግን የማውቀው ከአንድ ወገን ብቻ ነበር። ከደቡቡ ዳርቻ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ማዶው ከሰማይ ጋር ገጥሞ ስለሚጠፋ፣ አባቴን «ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቀው «ደምቢያ» ብሎ ዝም ይል ነበር። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ከደቡብ እስከ ሰሜን 84 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ የማይሞላውን ይህን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ውኃ ካርታ ላይ ሳየው፣ አባቴ በአንድ ቃል የዘጋውን ጥያቄ ሄጄ ልከፍተው ወሰንሁ።

የኅዳርን ወር የመረጥሁት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ የሚደርቅበት፣ ፀሐዩም ገና ያልከረረበት ጊዜ በመሆኑ ነው። ብስክሌቴ ባለ 21 ማርሽ፣ ከእኔ በፊት ቢያንስ ሁለት ባለቤቶችን ያገለገለች፣ ዳገት ላይ ክብደቷን የማትደብቅ ናት። ከኋላ መጫኛዋ ላይ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና ልጣፍ፣ የእጅ መንፊያ፣ ጋቢ፣ ቅያሪ ልብስ፣ እንዲሁም ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለነበረ እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ አሰርሁ። ካላማዳሪዎቹን ስለሸጠልኝ ነጋዴ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አዲስ ዘመን

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የዓባይን ድልድይ ተሻገርሁ። ወንዙ ከሐይቁ በወጣ በጥቂት ርቀት ላይ ገና ወንዝ መሆኑን ያላመነ ይመስል በዝግታ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ መቆም ስለማይፈቀድ አንገቴን ብቻ አዙሬ አየሁትና ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ቀጠልሁ። ሐይቁን ያየሁት በዚያች ቅጽበት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ድረስ ሁለተኛ አልታየኝም።

ይህ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። በሐሳቤ የሣልሁት ጉዞ በግራዬ ውኃ፣ በቀኜ መንገድ እያደረገ የሚሄድ ነበር። የባሕር ዳር ጎንደር አስፋልት ግን ከሐይቁ ርቆ በምሥራቅ በኩል ያልፋል፤ የሚርቅበትም ምክንያት ራሱ ሐይቁ ነው። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ክረምት በመጣ ቁጥር ከጉና ተራራ አካባቢ አፈር አግዘው ፎገራ ሜዳ ላይ ያራግፋሉ፤ ሜዳው በውኃ ሲሞላ ደግሞ የሐይቁ ዳርቻ የት እንደሚጀምር ለይቶ የሚናገር አይገኝም። መንገድ የሠሩት ሰዎች ብልኆች ስለነበሩ ደረቁን ይዘው ሄደዋል።

ሐሙሲት ላይ ሻይ ጠጥቼ ቁልቁል ወደ ጉማራ ድልድይ ወረድሁ። ወንዙ በዚህ ወር ጉልበቱ አልቆ አሸዋው ላይ ተኝቷል፤ ክረምት ማለቂያ ላይ ግን የጣና ነጭ ዓሣዎች ከሐይቁ ወጥተው እንቁላላቸውን ለመጣል ሽቅብ የሚዋኙት በዚሁ ነው። 15 ገደማ የሚሆኑት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም ሲባል ሰምቶ ይህን ቀጭን ውኃ ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ ዘር በዚህች ቦይ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ያሳስበዋል።

ከጉማራ ወዲያ ያለው ፎገራ በአጨዳ ላይ ነበር። የሚታጨደው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ካመጡት ወዲህ ገበሬው እያባዛው፣ የውኃ ጥርቅም የነበረው ሜዳ ዛሬ ወርቅማ ሆኗል፤ አንደኛው የዘር ዓይነት እንዲያውም ጅግና በምትባል ቀበሌ ስም «ኤክስ ጅግና» ይባላል። አውድማ ዳር ቆሜ ሳይ አንዲት እናት ጠሩኝና ሽሮ የተጠቀለለበት እንጀራ ሰጡኝ። እንጀራው ከወትሮው የነጣና የለሰለሰ ሆኖ ስላገኘሁት ጠየቅኋቸው።

«ከጤፉ ሩዝ ቀላቅለንበት ነው ልጄ። ጤፍ ብቻውንማ ማን ችሎት!» አሉኝ፤ ቀጥለውም ሄልሜቴን ትክ ብለው አይተው፣ «አንተ ግን ምን በድለህ ነው በዚህ ፀሐይ የምትቀጣው?» ብለው ጠየቁ።

ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለውን መንገድ በቀኝ ትቼ ርብን ተሻገርሁ። ይፋግ የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ከሰሜኑ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ የነበረበት ይህ ስፍራ፣ ዛሬ መኪናዎች ፍጥነት ሳይቀንሱ የሚያልፉበት መንደር ነው። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ አዲስ ዘመን ስደርስ መሸ። ስለ አደርሁበት አልጋ የምናገረው ቢኖር ትኋኖቹ ጾም እንዳልያዙ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24። ከአዲስ ዘመን ወደ አዘዞ

ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ከመኪና ሆኖ ሲያልፉት ኮረብታ የሚመስለው ነገር፣ በትንሿ ማርሽ ላይ ሆነው ሲወጡት የእያንዳንዱን ጠጠር ስም ያስጠናል። አሞራ ገደል ከሚባለው፣ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ከቆመው ረዥም ድንጋይ አጠገብ ቆሜ በሶ በጥብጬ ስጠጣ፣ ከየት እንደ መጡ ያላየኋቸው ልጆች ከበቡኝና «ቻይና! ቻይና!» እያሉ መዝፈን ጀመሩ። ሄልሜቴን አውልቄ በአማርኛ «ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት» ስላቸው ትልቁ ልጅ ቅር ብሎት፣ «ታዲያ መኪና ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

እንፍራንዝ ከመድረሴ በፊት ብስክሌቴን አንድ ቤት አስቀምጬ ወደ ጉዛራ ግንብ በእግሬ ወጣሁ። ከጎንደር አብያተ መንግሥት ቀድሞ የተሠራና የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባል ግንብ ነው። አፄው የነገሡት በ16ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ስለሆነ፣ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ነገሥታቱ ጣናን ከላይ ሆነው እያዩ ለመኖር ያሰቡት እዚህ ነው ማለት ነው። ፎቁ ላይ ወጥቼ ወደ ምዕራብ ስዞር ሐይቁ ታየኝ፦ ከሜዳው መጨረሻ ላይ፣ ጭስ የመሰለ፣ ውኃ ይሁን ሰማይ የማይለይ አንድ ነጭ መስመር። ሁለት ቀን ሙሉ ስዞረው የዋልሁት ነገር ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ፤ አብሮኝ የወጣው ጠባቂ ግን ሐይቁን ሳይሆን ስልኩን ያይ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ እርሱ በየቀኑ ያየዋል።

ከእንፍራንዝ እስከ ማክሰኚት፣ ከማክሰኚት እስከ አዘዞ ያለውን የማስታውሰው በጉልበቴ ብቻ ነው። የፊት ለፊት ነፋስ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ እስኪመሽ አልተወኝም። አዘዞ ስገባ ጨረቃ አልነበረም፤ የመንገዱን ጠርዝ የማየው ከኋላዬ በሚመጡ መኪናዎች መብራት ነበር። ጎንደር በ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መብራቷን አብርታ ብትጠራኝም መንገዴ ወደ ግራ ስለሆነ አዘዞ አደርሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25። ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ

አስፋልቱ እዚህ አለቀ። ወደ ቆላድባ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ለሦስት ደቂቃ ያህል ዓለም በአቧራ ይጠፋል፤ በዚያ ጊዜ ወርዶ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ነጠላ አፍ ላይ አድርጎ ከመቆም በስተቀር ሌላ ጥበብ የለውም።

አባቴ በአንድ ቃል የጠራው ደምቢያ ይህ ነው። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ ጤፉ ታጭዶ በየክምሩ ቆሟል፤ በታጨደው መካከል ሽምብራና ጓያ ቅጠል አውጥቶ ከአፈሩ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ዝናብ ሳይዘንብ ሁለተኛ ምርት የሚሰጥ አፈር ነው። ቆላድባ ላይ ምሳ የበላሁበት ቤት አንድ ሽማግሌ ስለ መንገዴ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ «ጎርጎራ ድረስ ትደርሳለህ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ትንቢታቸውን የተረዳሁት በማግስቱ ነው።

ጎርጎራ የደረስሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለነበር በቀጥታ ወደ ውኃው ወረድሁ። በአፄ ሱስንዮስ ልጅ በመለኮታዊት ስም የሚጠራው የደብረ ሲና ማርያም ሥዕል ይታያል ብለውኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ለጠዋት አቆየሁትና አስቀድሜ እጄን በጣና ነከርሁ። ሐይቁን ከባሕር ዳር በተቃራኒ ቆሞ ማየት እንግዳ ስሜት አለው፦ ፀሐይ በማላውቀው ወገን ትጠልቃለች፣ ማዕበሉም ከደቡብ፣ ከቤቴ አቅጣጫ ይመጣል።

እምቦጭን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት በዚያ ምሽት ነው። ይህ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም.፣ በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። አንዱን ግንድ ከውኃው ላይ አነሣሁት። ቅጠሉ እንደ ጭልፋ የጎበጠ፣ አንጸባራቂ አረንጓዴ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ያለው አንገት ደግሞ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ሆኖ፣ በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነበር። ሳይሰምጥ እየተንሳፈፈ የሚጓዘው በዚህ ነው። ሥሩ እንደ ጥቁር ላባ ተንጠልጥሎ ጭቃ ይዟል፤ አበባው ግን ወይን ጠጅ፣ መካከሉ ላይ ብጫ ነጥብ ያለው፣ ማንም ቢያየው የሚቆርጠው ዓይነት ነው። እኔም ቆርጬ በብስክሌቴ መሪ ላይ ሻጥ አደረግሁት።

መረቡን ሲሰበስብ የነበረ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ አየኝና ሥራውን አቁሞ መጣ። «ወንድሜ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ። ሐይቁን እየዞርሁ መሆኔን፣ መጨረሻዬም ባሕር ዳር እንደሆነ ነገርሁት። አበባውን ከመሪው ላይ ነቅሎ፣ ከውኃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ወስዶ በእግሩ ጨፈለቀው። «እዚያ ገና አልደረሰም። አንተ አታድርስልን። የጎማህንም ጭቃ ውኃ ላይ እንዳታጥብ፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመት ከዓመት ይተኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተቆጥቶ እንዳይመስልብኝ ብሎ መሰለኝ፣ ማታ አልጋ የማገኝበትን ቤት ራሱ ወስዶ አሳየኝ።

ያ ቤት ውስጥ የሰማሁት ወሬ ፈተና ነበር። የሳምንቷ ጀልባ በማግስቱ ጠዋት ተነሥታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ አርብ ባሕር ዳር ትገባለች። ብስክሌትም ትጭናለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26። ከጎርጎራ ወደ ደልጊ

የጀልባዋን መነሣት ከወደቡ ሆኜ አየሁ። ጆንያ፣ ፍየል፣ ሁለት መነኮሳትና በርካታ ነጋዴዎች ይዛ ስትርቅ፣ «ቁንዝላ እንገናኛለን» ብዬ ለራሴ ፎከርሁ።

ሁሉም ሰው የመኪናው መንገድ በጯሂት በኩል እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ሦስት ቀን ከሐይቁ ርቄ መሄዴ ስላንገበገበኝ፣ በዳርቻው የሚሄደውን የእግር መንገድ መረጥሁ። ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ብልኅ መስዬ ነበር። ውኃው በግራዬ ያበራል፤ ይብራዎች ይነሣሉ፤ ከብቶች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ። ከዚያ መንገዱ ወደ «ባሕር ሸሽ» ገባ። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ለቅቆት የሚሄደው መሬት በዚህ ስም ይጠራል፤ ላዩ ደርቆ ሲያዩት ይሸከማል፣ ሥሩ ግን ገና ሊጥ ነው።

ጎማዬ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ ቆመ። ዋልካው ከታጨደው ሣር ጋር ተለውሶ ቤት የሚመረግበት ጭቃ ሆኖ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ ነበር። በእንጨት እየፋቅሁ አሥር ሜትር እገፋለሁ፤ ደግሞ እፍቃለሁ። ካቴናው በጭቃ ተውጦ ከብረት ይልቅ ገመድ ይመስል ጀመር። በመጨረሻ ዕቃውን ለብቻ፣ ብስክሌቷን ለብቻ እየተሸከምሁ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄድሁት። በሬ ጠምዶ ሽምብራ የሚዘራ አንድ ወጣት ሞፈሩን ይዞ ቆሞ እያየኝ፣ «አያ፣ ትናንት እኮ እዚህ ዓሣ ነበር!» አለኝ። ማጋነኑ ነው፤ ግን ብዙም አላጋነነም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጠንካራ መሬት አግኝቼ ደልጊ የገባሁት በጨለማ ነው። በዚያ ቀን ከሄድሁት መንገድ ውስጥ ተቀምጬ የነዳሁት ግማሹን አይሞላም። ያሳደረኝ ቤት ባለቤት እግሬን እንድታጠብ ሙቅ ውኃ ካቀረቡልኝ በኋላ ያሉት «ጯሂት አልነገሩህም?» ብቻ ነው።

አርብ፣ ኅዳር 27። ከደልጊ ወደ ሻውራ

ስለ ካላማዳሪዎቹ የምናገርበት ቀን ደረሰ። ከደልጊ ተነሥቼ ወደ አለፋ ከፍታ ስወጣ፣ በግራሮች መካከል የኋላ ጎማዬ በእሾህ ተበሳ። ትርፉን አወጣሁና ስነፋው አልያዘም፤ ውኃ ላይ አድርጌ ሳየው «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልኝ ካላማዳሪ በሁለት ቦታ የተለጠፈ፣ ልጣፎቹም በጥቁር ቀለም የተሸፈኑ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውም እንደዚሁ ነበር። ማስቲሹን ስከፍት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ደርቋል። ይህን ያህል የተሟላ ክፋት ገጥሞኝ ስለማያውቅ ከመናደድ ይልቅ ሥራውን አደነቅሁት።

ሁለት ሰዓት ያህል ብስክሌቷን እየገፋሁ ከሄድሁ በኋላ ፍየል የሚጠብቅ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ አገኘሁ። ጎማውን ጨመቅ አድርጎ አየና፣ «ሣር ሙላበት» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ከመንገዱ ዳር ደረቅ ሣር በእጁ ሙሉ እያጨደ፣ እንደ ገመድ እያጠማዘዘ፣ ካላማዳሪው በወጣበት ጎማ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመረ። አሠራሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ ሣሩ ከላላ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል፣ በአንድ ቦታ ከበዛም መንኮራኩሩ እንደ እንቁላል ይንከባለላል። ሁለታችን ተጋግዘን፣ እርሱ እየጠቀጠቀ እኔ በጉልበቴ እየተጫንሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎማው ቆመ። አባቱ ከገበያ ብስክሌት ገዝተው እንደነበርና በአካባቢው መለጠፊያ ስለማይገኝ ሦስት ዓመት በሣር እንደነዷት ነገረኝ። የቀረኝን በሶ ግማሹን ሰጠሁት፤ ገንዘብ ስዘረጋለት ግን ወደ ፍየሎቹ ሮጠ።

በሣር ጎማ ላይ ሆኖ መውጣት እንደ አህያ ላይ ነው፤ አይፈጥንም፣ ግን አይቆምም። ሻውራ ደርሼ የመኪና ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ አገኘሁ። ሣሩን ከጎማዬ ሲያወጣ አንዴም አልሳቀም፤ «ጥሩ ተጠቅጥቋል» ብቻ አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28። ከሻውራ ወደ ቁንዝላ

ይህ ቀን ላለፉት አምስት ቀናት ካሣ ነበር። መንገዱ ከከፍታው ወደ ምሥራቅ እያዘቀዘቀ ስለሚወርድ ፔዳሉን ብዙም ሳልረግጥ ከዳጉሳ ማሳ ወደ ዳጉሳ ማሳ አለፍሁ፤ ከአንዱ ጥምዝ በኋላም ጣና ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ከጉዛራ እንዳየሁት መስመር ሳይሆን፣ ደሴቶቹ ጥቁር ነጥብ ሆነው የተዘሩበት፣ ትልቁ ደቅ በመካከሉ የተኛበት ሰፊ ውኃ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እዚያ ነው። ፍሬን ይዤ ቆምሁ፤ የጋሉት ፍሬኖች ሽታ ከብሳናው ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣ ነበር።

ብዙ ሰው ጣና መውጫው አንድ፣ እርሱም ዓባይ ብቻ እንደሆነ ያስባል። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሁለት ነው። በዚህ በምዕራቡ ወገን የሐይቁ ውኃ ተራራውን በሚሰነጥቅ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ገብቶ፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስ ተርባይን ካሽከረከረ በኋላ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። ከእግሬ ሥር ውኃ ወደ ኋላ እየሄደ መሆኑን ማሰብ፣ ለዳገት ለሚፈራ ብስክሌተኛ የሚያስቀና ነገር ነው።

ቁንዝላ ስደርስ የጎርጎራዋ ጀልባ አድራ ከሄደች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ወደቡ ዳር ሁለት ሰዎች ታንኳ ሲሠሩ ተቀመጥሁ። የደረቀውን ደንገል እንደ ክንድ የወፈረ ነዶ እያደረጉ ያስራሉ፤ ነዶዎቹን ጎን ለጎን አጋጥመው፣ አንደኛው ጫፉን በእግሩ ተጭኖ ሲይዝ ሌላው ገመዱን እስኪጮኽ ይስባል፤ አፍንጫው ወደ ላይ የሚቆለመመው በመጨረሻ ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥቶ ማድረቅ ግድ ነው፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

ዓላማዬ ከዚህ በሐይቁ ዳር ወደ ዘጌ መቁረጥ ነበር። በመካከል ግን ግልገል ዓባይ አለ፤ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት አካባቢ ረግረጉና ደንገሉ መንገድ አይሰጥም። አንዱን ታንኳ ሠሪ «ከነብስክሌቴ ታሻግረኛለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ብስክሌቷን በአንድ እጁ አንሥቶ መዘናት፣ መልሶ አስቀመጣትና፣ «ሰው እንጂ ብረት አልጭንም» አለ።

ማታ ራት ቤት ውስጥ ባለቤቷ «ዓሣ ጾም አያስገድፍም» ብላ ጥብስ ቀረሶ ስታቀርብልኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ቄስ ምንም ሳይናገሩ ዓይናቸውን ከሳህኔ ላይ አላነሡም። ሽሮ አዘዝሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 29። ከቁንዝላ ወደ ዱርቤቴ

ግልገል ዓባይን የምሻገረው በአስፋልቱ ድልድይ ስለሆነ፣ ሐይቁን ትቼ በሊበን በኩል ወደ ደቡብ ወረድሁ። ጠጠር፣ ዳጉሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከቅዳሴ የሚመለስ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። ጣና ዳግመኛ ከጀርባዬ ሆነ። ዱርቤቴ ላይ አስፋልት ስረግጥ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ ለአምስት ቀናት ሲንቀጠቀጥ የኖረ መሆኑን ያወቅሁት መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 30። ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር

ወተት ዓባይ ከተማ ላይ ግልገል ዓባይን ተሻገርሁ። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚገባው ይህ ወንዝ ነው፤ ቅዳሜ መንገድ የከለከለኝን ውኃ ሰኞ በአንድ ደቂቃ አለፍሁት። መራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ ግድብ ቦዮች በየማሳው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል ስለሆነ የምጽፈው የለኝም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ገብቼ፣ ቤት ሳልሄድ፣ በልጅነቴ ወደምቀመጥበት የሐይቁ ዳር ወረድሁ። መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች ባለቤቱን እንደሚያውቁት ቦታ ይዘውታል። ብስክሌቷ ላይ የደምቢያ ዋልካ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተጣብቋል፤ የቸርኬው ውስጥ፣ የካቴናው ጥርስ፣ የመጫኛው ሥር ሁሉ ጥቁር ነው። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ግባና ነክረን እንጠባት፣ 10 ብር» አለኝ።

ጀሪካን ተዋስሁና ውኃ ቀድቼ ብስክሌቷን ከዳርቻው ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ላይ፣ አንዲት ዋርካ ሥር ወሰድኋት። ሦስት ጀሪካን ፈጀች። ወጣቱ በየምልልሴ እያየ፣ «ሐይቁ አጠገብህ እያለ!» ሲል ይሥቅብኝ ነበር። ከፍሬኑ ሥር በእንጨት ስፍቅ፣ ጭቃው ውስጥ የባሕር ሸሹ ሣርና አንድ የደረቀ፣ እንደ ላባ የቀጠነ ጥቁር ሥር ወጣ። እምቦጭ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ከዋርካው ግንድ አጠገብ በእግሬ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ጭቃውንም ሥሩንም እዚያ ጨምሬ፣ አፈር መለስሁበት።